መቼ እና የት ብቻ? የላይም ሪጂስ ከተማ ታሪክና የሁለት ልቦለዶች መቼት

“መቼት” የሚለውን ቃል ለተማሪዎች ሳስተምር፣ ከ“መቼ” እና ከ“የት” ተጣምሮ የተፈጠረ ሙያዊ ቃል መሆኑን በመግለጽ እጀምራለሁ። ቃሉ አጭርና ግልጽ፣ ለማስታወስም የሚመች ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ምቾቱ አንድ ጉዳት እንዳለው የተገነዘብሁት ዘግይቼ ነው። ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ያቆማል። ተማሪው ታሪኩ መቼና የት እንደተፈጸመ በአንድ አንቀጽ ካሰፈረ በኋላ ግዴታውን እንደተወጣ ቆጥሮ ወደ ገጸ ባሕርያትና ወደ ትልም ይሻገራል። “ለምን እዚያ?” የሚለውን ሦስተኛ ጥያቄ ቃሉ ራሱ አያስነሣም፤ መምህሩም ካላስነሣው ሳይነሣ ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በ“ፍቅር እስከ መቃብር” (1958 ዓ.ም.) መቼት ላይ የመመረቂያ ጥናት ሲያካሂድ አማካሪው ነበርሁ። በጥናቱ ውስጥ ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ታሪክ የሚተርክ ሠላሳ ገጽ ያህል ምዕራፍ ነበረው። ምዕራፉን አንብቤ፣ “ይህ የታሪክ ትምህርት ክፍል ሥራ ነው፤ አውጣው” አልሁት። ተማሪው አወጣው። ጥናቱም ጸደቀ፤ መልካም ውጤትም አገኘ። እኔ ግን በዚያ ምክሬ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስጠራጠር ኖሬአለሁ። ጥርጣሬዬን ወደ እርግጠኝነት የለወጠው ከእኛ ልቦለድ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ምሳሌ ነው፤ ይኸውም የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ ታሪክና እርሷን መቼት ያደረጉ ሁለት ልቦለዶች ናቸው። አንደኛው የጄን ኦስተን “ፐርስዌዥን” ነው፤ ርእሱን በአማርኛ “ማግባባት” ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው የጆን ፋውልስ “የፈረንሳዊው መቶ አለቃ ሴት” ነው። በሁለቱ መካከል አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አለ። ሁለቱም ግን ገጸ ባሕርያታቸውን ይዘው የወጡት በአንድ የድንጋይ ግንብ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው፣ ግንብ፣ ሰይፍ

ላይም ሪጂስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከዴቨን ወሰን አጠገብ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ አራት ሺህ አይሞሉም። “ላይም” የሚለው ስም ከተማዋን አቋርጦ ወደ ባሕር ከሚገባው ሊም ከተባለ ትንሽ ወንዝ የተገኘ ሲሆን፣ “ሪጂስ” በላቲን “የንጉሥ” ማለት ነው። ይህን ቅጽል ያተረፈላት ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1284 የሰጣት የከተማነት መብት ነው። በጽሑፍ የታወቀችው ግን ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ በ774 የዌሴክስ ንጉሥ ለሸርቦርን ገዳም በዚህ ስፍራ መሬት ሲሰጥ፣ ዓላማው ገዳሙ ከባሕሩ ውኃ ጨው እንዲያወጣ ነበር። እንግዲህ የዚህች የመዝናኛ ከተማ የመጀመሪያ ታሪክ ከመዝናናት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከተማዋ የተፈጥሮ ወደብ የላትም። ዳርቻዋ ለማዕበል የተጋለጠ በመሆኑ ነዋሪዎቿ በመካከለኛው ዘመን ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባ፣ ክንዱን አጥፎ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው የተጠማዘዘ ግንብ ሠሩ። በመጀመሪያ የተሠራው በባሕሩ ወለል ላይ በተተከሉ የኦክ ግንዶች መካከል ትልልቅ ድንጋይ በመሙላት ነበር። ይህ ግንብ “ኮብ” ይባላል። በ1328 በማዕበል መጎዳቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ስላለ፣ ዕድሜው ከዚያ እንደሚበልጥ እናውቃለን። አንባቢ አንድ ነገር በአእምሮው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኮብ ሁለት እርከን አለው። የላይኛው እርከን ነፋስ የሚመታው፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ፣ መደገፊያ የሌለው መራመጃ ነው። የታችኛው መርከብ የሚራገፍበት፣ በላይኛው ግንብ ከነፋስ የተጠለለ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወረደው በደረጃ ነው። በኋላ እንደምንመለከተው የአንድ ልቦለድ ትልም በዚህ የግንባታ ጠባይ ላይ ያርፋል።

ግንቡ ከተማዋን ለብዙ መቶ ዓመታት የንግድ ወደብ አድርጎ አኖራት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1644፣ የንጉሡ ጦር በልዑል ሞሪስ መሪነት ለስምንት ሳምንታት ያህል ከብቧት ሳይዛት ተመለሰ። በ1685 ደግሞ የሞንመዝ መስፍን የአጎቱን ዙፋን ለመንጠቅ ሰማንያ ያህል ሰዎች አስከትሎ ከኮብ በስተ ምዕራብ ባለው ዳርቻ ላይ ወረደ። ዐመፁ በአንድ ወር ውስጥ ከሸፈ። ከተከሰሱት መካከል አሥራ ሁለቱ መስፍኑ በወረደበት በዚያው ዳርቻ ተሰቀሉ። ዳርቻው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል፤ የተሰቀሉት ሰዎች ስም ግን ለጎብኚው የሚታወቅ አይደለም። ይህንንም በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሕር መድኃኒት በሆነ ጊዜ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መርከቦች እየተለቁ ሲሄዱ የኮብ ወደብ አልበቃቸውም፤ ንግዱም ወደ ሌላ ዞረ። ላይም መክሰም ጀመረች። ያዳናት ከሐኪሞች ዘንድ የመጣ አዲስ እምነት ነው። ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም በ1750 የባሕር ውኃ ለዕጢ በሽታዎች ስላለው ጥቅም በላቲን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሕመምተኞች በባሕር ውኃ እንዲታጠቡ ብቻ ሳይሆን እንዲጠጡትም ያዝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ባሕር ለእንግሊዛዊው የዓሣ አጥማጅ፣ የነጋዴና የመርከበኛ ሥፍራ፣ ከዚያም አልፎ የሚፈራ ነገር እንጂ ጤነኛ ሰው ለደስታ የሚሄድበት አልነበረም። የእኛ አንባቢ ነገሩን ከፍል ውኃና ከጠበል ልማድ ጋር አያይዞ ቢመለከተው በቀላሉ ይረዳዋል። ሰዎች ሊፈወሱ ሄዱ፤ ሲሄዱ ማደሪያ አስፈለጋቸው፤ ማደሪያው የመገናኛ አዳራሽ፣ የመጻሕፍት መደብርና የእግር መንሸራሸሪያ አስከተለ። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በ1789 በዚያው በዶርሴት ወደምትገኘው ዌይመዝ ለፈውስ ሲሄድ፣ ልማዱ የመኳንንት ሆነ።

(ስለ ባሕር ካነሣሁ አይቀር፤ አማርኛ ጣናንም ውቅያኖስንም “ባሕር” ይላል። ስለዚህ “የባሕር ዳርቻ ከተማ” ስል ብዙ ተማሪዎቼ በአእምሮአቸው የሚስሉት ፀጥ ያለውን ሐይቅና ዘንባባውን ነው። የላይም ባሕር ግን ገደል የሚንድ፣ በክረምት ግንብ የሚያፈርስ ነው።)

ላይም የዌይመዝን ወይም የብራይተንን ያህል ዝነኛ አልሆነችም። ለዚህ ጥናት ዋናው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ላይም ርካሽ ነበረች። ብዙ ገንዘብ የሌላቸው፣ ነገር ግን ከባሕሩ ልማድ መቅረት የማይፈልጉ የመካከለኛው መደብ ቤተሰቦች ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የአንድ ጡረታ የወጣ ቄስ ቤተሰብ ነው። ቄሱ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ መጣ፤ ታናሺቱ ጄን ኦስተን ነበረች። በ1803 እና በ1804 ላይምን ጎብኝታለች። በ1804 ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ትንሽ የቤት ጣጣ ታነሣለች፤ በተከራዩት ቤት ውስጥ የአንድ ሣጥን ክዳን ተሰብሮ ነበርና አኒንግ የተባለ የከተማው አናጢ ማሠሪያውን አምስት ሽልንግ ገመተው፤ ዋጋው በክፍሉ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ስለታያቸው ጉዳዩን ወደ ባለቤቱ መሩት። ይህ አናጢ በዚያን ጊዜ ሜሪ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችው። ወደ እርሷም እንመጣለን።

ሉዊዛ ለምን ከኮብ ወደቀች?

“ፐርስዌዥን” የታተመው ደራሲዋ በሐምሌ 1817 ከሞተች በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የተጻፈው ዓመት 1818 ነው። አን ኤልየት የተባለችው ባለ ታሪክ በወጣትነቷ ፍሬድሪክ ዌንትወርዝ ከሚባል ገንዘብ ከሌለው የባሕር ኃይል መኮንን ጋር ተጫጭታ ነበር፤ እንደ እናት የምታያት ሴት አግባብታት እጮኝነቱን አፈረሰች። ከስምንት ዓመት በኋላ መኮንኑ ባለጸጋና ሻምበል ሆኖ ይመለሳል፤ ቂሙን ግን አልረሳም። ዓይኑን የጣለው ሉዊዛ ማስግሮቭ በምትባል ሐሳቧን በማትለውጥ ደፋር ልጃገረድ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1814 በጋ ነው። ናፖሊዮን በዚያ ዓመት በሚያዝያ ከዙፋኑ በመውረዱ፣ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች ከመርከብ ወደ የብስ እየወረዱ ነበር። ዌንትወርዝን የመሰሉት ከተማረኩ መርከቦች በደረሳቸው ድርሻ በልጽገዋል። ሌሎቹ ደግሞ እንደ ወዳጁ እንደ ሻምበል ሃርቪል ቆስለው፣ በግማሽ ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። ሃርቪል የት ሊኖር ይችላል? ባሕርን ይወዳል፤ ስለዚህ ከባሕር መራቅ አይፈልግም። ጤናው የባሕር አየር ይሻል። ኪሱ ግን ከዌይመዝ ጋር አይስማማም። ኦስተን እነዚህን ምክንያቶች ራሷ ዘርዝራ ታስቀምጣለች፤ ሃርቪል ላይምን የመረጠው ርካሽ፣ በባሕር ዳርቻ ያለች፣ በክረምትም ሰው የማይበዛባት በመሆኗ ነው። ወራቱ ኅዳር ነው፤ የገላ መታጠቢያው ወቅት አልፎአል፤ የመገናኛ አዳራሹ ተዘግቶአል፤ ተከራዮች ወደየቤታቸው ሄደዋል። መዝናኛ ከተማ ከወቅቱ ውጪ በግማሽ ዋጋ የምታከራየው ባዶ ቤት አላት። በዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች እናገኛለን፤ ቁስለኛው ሃርቪልና እጮኛው የሞተችበት፣ ሐዘኑን በግጥም ንባብ የሚያባብስ ቤንዊክ የሚባል መኮንን።

ዌንትወርዝ ወዳጁን ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ስለ ቦታው ያወራል፤ ወጣቶቹ ይጓጓሉ፤ ተያይዘው ይሄዳሉ። ሊመለሱ በተነሡበት ቀን በኮብ የላይኛው እርከን ላይ ሲራመዱ ነፋሱ ለሴቶቹ ስለበዛ በደረጃው ወደ ታችኛው ይወርዳሉ። ሉዊዛ ግን በደረጃው መውረድ ትታ ዌንትወርዝ ከላይ እንዲቀበላት ትዘላለች። ያምርላታል። ተመልሳ ወጥታ ሁለተኛ ልትዘል ትላለች። የታችኛው ንጣፍ ድንጋይ ነውና አይሆንም ይላታል፤ ቁርጥ ውሳኔዬ ነው ብላ ትዘላለች፤ ለጥቂት ያመልጠዋል። ሕይወት አልባ መስላ ስትነሣ ሁሉም ሲደነግጥ፣ የሚደረገውን የምታዘዘው አን ብቻ ናት።

ይህን ክፍል በምናነብበት ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ “ደረጃ በቤታቸውም አለ፤ እዚያ ብትወድቅ ምን ይለወጥ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኋትና በጊዜው ያሳፈረኝን መልስ ሰጠኋት፤ “ባሕሩ ለትዕይንቱ ድባብ ይሰጠዋል።” ድባብ! አሁን የምሰጣት መልስ ሌላ ነው። በቤቷ ብትወድቅ ኖሮ በእናቷ አልጋ ላይ ትድን ነበር። በላይም ስለወደቀች ግን ለሳምንታት የተኛችው በሃርቪል ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ቤንዊክ አለ፤ አስታማሚና ሕመምተኛ ይዋደዳሉ፤ ይጫጫሉ፤ ዌንትወርዝም ነጻ ይሆናል። ይህ የልቦለዱ የመጨረሻ ፍቺ የሚቻለው ሦስት ታሪካዊ ነገሮች በአንድ ስፍራ ስለተገናኙ ነው፤ የጦርነት ማብቃት፣ ከወቅቱ ውጪ የረከሰ የመዝናኛ ከተማ ኪራይ፣ ሁለት እርከን ያለው የድሮ ወደብ ግንብ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ጽኑ ውሳኔ ሁልጊዜ በጎ ነው ብሎ የሚያምነው ዌንትወርዝ ትምህርቱን የሚያገኘውም ከዚያው ድንጋይ ነው።

የአናጢው ልጅ

ሣጥን የገመተው ሪቻርድ አኒንግ ከአናጢነቱ ጎን ሌላ ሥራ ነበረው። የላይም ገደሎች ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ንብርብር የተሠሩ ናቸው። ባሕሩ ገደሉን በናደው ቁጥር በውስጡ የተቀበሩ የጥንት እንስሳት ቅሪተ አካላት ይወጣሉ። አኒንግ እነዚህን ለቅሞ፣ አጽድቶ በደጁ ጠረጴዛ ላይ በመደርደር ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። ገበያው የተፈጠረው በመዝናኛነቷ ነው፤ ከተማዋ የወደብ ከተማ ብቻ ሆና ቀርታ ቢሆን ድንጋዩን የሚገዛ አልነበረም።

በ1810 ሪቻርድ ዕዳ ትቶ ሞተ። ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ። በ1811 ወንዱ ልጅ ዮሴፍ አንድ ትልቅ ራስ ቅል አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሜሪ የቀረውን አካል አገኘች። ኢክቲዮሶር የተባለው በባሕር ይኖር የነበረ ተሳቢ እንስሳ ሲሆን፣ የሊቃውንትን ትኩረት በሰፊው ከሳቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፤ ቤተሰቡ የሸጠው ወደ ሃያ ሦስት ፓውንድ በሚሆን ዋጋ ነው። በ1823 ሜሪ የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሊሲዮሶር አጽም አገኘች። የለንደን ሊቃውንት ከእርሷ እየገዙ ጻፉበት፤ ስሟን ግን ብዙ ጊዜ አላነሡም። የጂኦሎጂ ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው፤ እርሷ የሞተችው በ1847 ነበር። በ1833 በገደል ናዳ ውሻዋ ከእግሯ ሥር ተቀብሮባታል፤ ለእርሷም ቅርብ ነበር።

የከተማዋ ሁለተኛ ልቦለድ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ይነሣል።

በ1867 ዓመት

ባለቅኔው ቴኒሰን በ1867 ወደ ላይም በመጣ ጊዜ አስጎብኚዎቹ የሞንመዝ መስፍን የወረደበትን ሊያሳዩት ሲሞክሩ፣ እርሱን ተዉትና ሉዊዛ ማስግሮቭ የወደቀችበትን ደረጃ አሳዩኝ አለ ይባላል። ወሬው ለፈገግታ የሚነገር ነው። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ፈገግታው ይጠፋብኛል። በዚያ ዳርቻ በእውን የተሰቀሉት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ተረስተው፣ ያልነበረች ልጅ ያልወደቀችው መውደቅ ቅዱስ ስፍራ ሆነ። ከዚያም በላይ፣ በኅዳር 1824 የተነሣው ታላቅ ማዕበል ኮብን ክፉኛ አፍርሶት ብዙው ክፍል እንደገና ተሠርቶ ነበርና፣ ባለቅኔው የተመለከተው ግንብ ኦስተን የረገጠችው ግንብ መሆኑ ያጠራጥራል። ልቦለድ ከድንጋዩ ይልቅ ጸንቶ ቆመ።

ጆን ፋውልስ በ1969 ያሳተመው ልቦለድ የሚጀምረው በዚሁ በ1867፣ በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ በኮብ ላይ ነው። ቻርልስ ስሚዝሰን የተባለ ባለ ርስት ከእጮኛው ከኧርነስቲና ጋር ይንሸራሸራል። ኧርነስቲና የግንቡን ደረጃዎች እያመለከተች ሉዊዛን ኦስተን ያስወደቀቻት እዚህ ነው ትለዋለች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። በኦስተን ዘመን ኮብ ግንብ ነበር፤ በፋውልስ ገጸ ባሕርያት ዘንድ ግን “በልቦለድ ውስጥ ያለ ግንብ” ሆኖአል። ልቦለዱ የከተማዋ ታሪክ አንድ ክፍል ሆኖ ለሚቀጥለው ልቦለድ መቼት ሆነ። ወዲያው በግንቡ ጫፍ ላይ ጥቁር የለበሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ባሕር የምትመለከት ሴት ትታያለች፤ ሳራ ዉድረፍ ናት።

ቻርልስ ቅሪተ አካል ሰብሳቢ ነው፤ ወደ ላይም ገደሎች የሚያስወጣው ይኸው ነው። የዳርዊን “የዝርያዎች አመጣጥ” ከታተመ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ቻርልስም የአዲሱ ትምህርት ደጋፊ ነኝ ባይ ነው። ተራኪው ሜሪ አኒንግን በስም አንሥቶ የሊቃውንቱን ውለታ ቢስነት ይወቅሳል። ቻርልስና ሳራ በምሥጢር የሚገናኙበት ስፍራ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው ከገደሉ በታች የበቀለ ጫካ ነው። ይህ ጫካ የናዳ ልጅ ነው። በየዘመኑ የተንሸራተተው መሬት ለእርሻም ለቤትም የማይሆን፣ ስንጥቅና ጉድጓድ የበዛበት ምድረ በዳ ፈጠረ። ከናዳዎቹ ትልቁ በ1839 የልደት በዓል ሰሞን በቢንደን የደረሰው ነው፤ የስንዴ እርሻ ሳይበተን ከነቡቃያው ተቆርጦ ወደ ባሕር ስለተንሸራተተ በተከታዩ ዓመት ሰዎች በብዛት ሊያዩት መጡ። ሰው ትቶት የሄደው መሬት በዛፍና በሐረግ ተሸፈነ። በልቦለዱ ውስጥ ወይዘሮ ፖልትኒ የምትባለው ግብዝ አሠሪ ሳራ ወደዚያ እንዳትሄድ ትከለክላታለች፤ ጨዋ ሰው አይረግጠውምና።

እዚህ ላይ “ለምን እዚያ?” የሚለው ጥያቄ የልቦለዱን ጭብጥ ራሱን ይከፍታል። ሥርዓት አክባሪዋ የመዝናኛ ከተማና ሥርዓት የሌለው ጫካ በግማሽ ሰዓት መንገድ ተጎራብተው የሚገኙበት ሌላ ስፍራ በእንግሊዝ አገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ጫካውን የፈጠረው ናዳ፣ ቅሪተ አካሉን ያወጣው ናዳ፣ የሃይማኖትን የዘመን አቆጣጠር ያናወጠው ቅሪተ አካል፤ ሁሉም አንድ ገደል ናቸው። ደራሲው ይህን ትይዩነት ከራሱ አልፈጠረውም። ከከተማዋ ታሪክ አነበበው። የቪክቶሪያ ዘመን ግብረ ገብ ከሥሩ እየተንሸራተተ መሆኑን ለማሳየት ምሳሌያዊ አነጋገር አላስፈለገውም፤ መሬቱ በእርግጥ ይንሸራተታል።

ፋውልስ ወደ አካባቢው የመጣው በ1965 ነው፤ በ1903 የተከፈተው የላይም የባቡር መስመር የተዘጋበት ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። በመጀመሪያ የኖረው በዚያው ከገደሉ በታች ባለ የእርሻ ቤት ውስጥ ነበር፤ በ1968 ወደ ከተማዋ ወደ ቤልሞንት ቤት ተዛወረ። ልቦለዱ የተጸነሰው በ1966 እንቅልፍና ንቃት መካከል ሳለ በታየችው፣ በወደብ ጫፍ በቆመች ሴት ምስል መሆኑን ጽፎአል። ይህን የሚያነብ ሰው ታሪክ ከአእምሮ ብቻ የተወለደ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን እንመልከት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1988 የላይም ቤተ መዘክር ኃላፊ ሆኖ አገለገለ። ቤተ መዘክሩ የቆመው የሜሪ አኒንግ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በ1982 የከተማዋን አጭር ታሪክ ጽፎ አሳተመ። በዓለም የታወቀ ልቦለድ ደራሲ የከተማ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ የድሮ ካርታ ሲለጥፍ፣ የማን ቤት የት እንደነበረ ሲያጣራ ዐሥር ዓመት ገደማ አሳለፈ። አንዳንድ ሐያስያን ይህን ዘመን ከፈጠራ ሥራው የሸሸበት አድርገው ይመለከቱታል። እኔ አልስማማም። በ1969 በልቦለድ የሠራውን በሌላ መንገድ የቀጠለበት ነው።

በ1981 ልቦለዱ በካሬል ራይዝ አዘጋጅነት ወደ ፊልም ተለወጠ፤ ተዋናይት ሜሪል ስትሪፕ በጥቁር ካባ ተሸፍና በማዕበል በሚመታው ኮብ ጫፍ ላይ የቆመችበት ምስል ከልቦለዱ ይልቅ ታዋቂ ሆነ። ዛሬ ወደ ግንቡ የሚወጣ ጎብኚ ሁለት ያልነበሩ ሴቶችን ይፈልጋል፤ አንዷ የወደቀችበትን ደረጃ፣ ሌላዋ የቆመችበትን ጫፍ። ለመጀመሪያዋ የሚታዩት ደረጃዎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ ክርክሩ አላለቀም። የዶርሴትና የምሥራቅ ዴቨን ዳርቻ በ2001 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ምክንያቱ ቅሪተ አካሉና የድንጋዩ ንብርብር ነው። በግንቦት 2008 ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ 400 ሜትር የሚያህል ገደል ተንዶአል። አንዲት የአካባቢው ተማሪ በጀመረችው ዘመቻ የሜሪ አኒንግ ሐውልት በ2022 ቆሞላታል፤ ባሕሩን ፊት ለፊት፣ መዶሻና ውሻዋን ይዛ። በእርግጥ የኖረችው ሴት ሐውልት ለማግኘት ካልነበሩት ሁለቱ በኋላ ቆይታለች።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወደ ቀድሞው ተማሪዬ ስልክ ደወልሁ። አሁን በጎጃም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከሰላምታ በኋላ የማንኩሳን ምዕራፍ ጠየቅሁት። ዝም አለና፣ “መምህር፣ እሱን እኮ አውጣው ብለውኝ ነበር” አለኝ። እንደተሳሳትሁ ነገርሁት። በኮምፒዩተር የነበረው ጠፍቶአል፤ አንድ በወረቀት የታተመ ቅጂ ግን በወላጆቹ ቤት በሣጥን ውስጥ እንዳለ ያስታውሳል። ለፋሲካ ሲሄድ ሊፈልገው ቃል ገብቶልኛል።